የመጨረሻው ፊሽካ የማን ነው?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሲዘጋ ሦስት ነገር ይዞ ወላጅ ፊት ይቀርባል፤ የፈተና ውጤት፣ ተማሪዎች በክበባት የሠሩትን ሥራ፣ በስፖርት ያገኙትን ዋንጫና ሜዳልያ። እኛም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቁም ነገር፣ የቀሩትን ሁለቱን ጨዋታ እንላቸዋለን። ልጁ ኳስ ሲያበዛ እንቆጣለን፤ ድራማ ክበብ ገባሁ ሲል «ትምህርትህስ?» ብለን እንጠይቃለን። ክርክሩ ሁልጊዜ በጊዜ አጠቃቀም ዙሪያ ይሽከረከራል። ከዚህ ክርክር ሥር ግን ከሰዓት ድልድል የከበደ የእምነት ጥያቄ አለ፤ ልጅ ሲወድቅ «አበቃለት» የማለት ሥልጣን የማን ነው? እኔ የምለው ይህን ነው። ሰው በሰው ላይ የመጨረሻ ፍርድ የመስጠት ሥልጣን አልተሰጠውም፤ ትምህርት ቤትም አልተሰጠውም። ዛሬ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይህ እውነት በተግባር የሚታየው ከፈተናው አዳራሽ ይልቅ በሜዳው ላይ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ከሜዳው የሚማረው ነገር አለ።

ጥያቄው በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 7 ቢስና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ሩቅ ፍልስፍና አይደለም። በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የትምህርት ሕግ መሠረት ልጅ የ9 ዓመት መሠረታዊ ትምህርቱን ሲጨርስ ብረቬ የተባለውን ፈተና ይፈተናል፤ ከዚያ ሊሴ፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ፣ ገብቶ የማጠናቀቂያው ፈተና ባክ ይጠብቀዋል። በቤቱ የሚነገረው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ ወይም አማርኛ ነው፤ ሰፈር ሲወጣ ሁለቱን ሦስቱን ይቀላቅላል፤ የሚፈተነው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ሒሳብ የማያውቅ ልጅና ሒሳቡን እያወቀ የጥያቄው ዐረፍተ ነገር ያልገባው ልጅ መልስ ወረቀቱ ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ። ወረቀቱ ውሸት አልተናገረም፤ ልጁ በዚያ ቀን፣ በዚያ ቋንቋ የጻፈውን በትክክል መዝግቧል። ስሕተቱ የሚጀምረው እኛ ያንን መዝገብ ስለ አንድ ቀን የተሰጠ ምስክርነት አድርገን ከማንበብ ይልቅ ስለ ልጁ ማንነት የተሰጠ ፍርድ አድርገን ስናነበው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ሁኔታ ይህን በሚያስደነግጥ ስፋት ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መቶ ልጆች ተቀምጠው ዘጠና ስድስት ወይም ዘጠና ሰባት ያህሉ «ወደቃችሁ» ተባሉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ስለ መምህራን ዝግጅት፣ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ወረርሽኝ ብዙ ይናገራል፤ ስለዚያም ብዙ ተጽፏል። እምብዛም ያልተጠየቀው ሌላ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርናቸው እነዚህ ልጆች ስለ መውደቅ ምን ተምረው ነበር? ወድቆ ስለ መነሣት አንድም ቀን ሳናለማምዳቸው በአንድ ጊዜ ሁሉንም ጣልናቸው። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም ዘመዱም የየራሱን ቃል ጨመረበት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

እምነታችን በዚህ ላይ ዝም አይልም። ክርስቲያኑ የመጨረሻው ፍርድ የእግዚአብሔር መሆኑን፣ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስም የንስሐ በር ክፍት መሆኑን እየሰማ ያድጋል። ሙስሊሙም ሥራ የሚመዘነው በትንሣኤ ቀን በአላህ ሚዛን መሆኑን፣ ሞት ሳይመጣ ተውባ ለሚያደርግ ሰው በሩ እንዳልተዘጋ ይማራል። ሁለቱም የሚስማሙበት መሠረት ግልጽ ነው፤ የመጨረሻ ፍርድ ለመስጠት የልብን ውስጥና የዘመንን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያይ ደግሞ ፈጣሪ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለውን እንቀበል። በአንድ ሳምንት ፈተና ላይ ተመሥርቶ «ይህ ልጅ አይረባም» የሚል መምህር፣ ወላጅ ወይም ተቋም ከመጨከኑ በላይ ያልተሰጠውን ዙፋን ወስዷል። ነገሩ የርኅራኄ ጉድለት ብቻ ቢሆን በምክር ይታለፍ ነበር፤ ግን የድፍረት ኃጢአትም ነው።

የጥንቶቹ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን በአሠራራቸው ያውቁት ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ የኔታ ያርሙታል፤ ተበላሽቶ ከሆነም ይመልሱታል፤ ነገ ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል። ለሁሉም በአንድ ቀን የሚቆረጥ ፈተና የለም፤ ደረሰ የሚባለው ሲደርስ ነው። በሶማሊዎቹ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ በዱግሲም ልጁ የቁርኣኑን አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ፣ በሎህ ላይ ይጽፋል፤ ሲይዘው ሰሌዳው ታጥቦ የሚቀጥለው ይጻፋል፤ ካልያዘ ደግሞ እስኪይዝ ድረስ ከዚያው ጋር ይቆያል። በእነዚህ ቤቶች ዱላ ነበር፤ ረኀብም ነበር፤ እንዳሉ ይመለሱ የሚል የለም። ነገር ግን ስሕተትን የልጁ መጨረሻ አድርገው አልቆጠሩትም። በጥብቅ መለኪያ ላይ ቆመው ለመመለስ ጊዜ ሰጡ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ግማሹን ግን ረስተነዋል ብዬ አምናለሁ። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ወደ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ ሲሞክርና ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ፤ ልቡ ተነካና ተመለሰ። ይህን ለልጆቻችን የምንነግራቸው «አንተም ጣር» ለማለት ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ያሬድ ተመልሶ በሄደ ጊዜ አባ ጌዴዎን ተቀበሉት፤ በድጋሚም አስተማሩት። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ የትሏ ትምህርት ምን ይፈይድ ነበር? እኛ ጽናትን የልጁ ግዴታ አድርገን እንሰብካለን፤ መቀበልን የተቋሙ ግዴታ አድርገን አንሰብክም። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ብቻውን ግፍ ይሆናል፤ መግቢያ ለሌለው ሰው «ግባ» ማለት ነውና።

ሜዳው ለዚህ ክርክር ምስክር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከጅቡቲ እንጀምር። ሁሴን አህመድ ሳላህ እ.ኤ.አ. በ1985 በሂሮሺማ በተካሄደው የዓለም ማራቶን ዋንጫ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸነፈ፤ ጓደኛው ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነ፤ ያቺ ትንሽ አገርም የቡድኑን ድል ወሰደች። ከዚያ በኋላ በ1987 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ብር፣ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ነሐስ፣ በ1991 በቶኪዮ እንደገና ብር አገኘ። በዓለም ሻምፒዮናም በኦሊምፒክም ወርቁ አመለጠው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ የጅቡቲ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳልያ የእርሱ የሴኡሉ ነሐስ ነው። አያንለህ ሱሌማን እ.ኤ.አ. በ2013 በሞስኮ በ800 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ ያን ውድድር ያሸነፈው የእኛው መሐመድ አማን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አያንለህ በሶፖት የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ አራተኛ ሆኖ ከሜዳልያ ውጭ ቀረ። ኢትዮጵያዊቷ ደራርቱ ቱሉም በኦሊምፒክ፣ በባርሴሎና ወርቅ፣ በአትላንታ አራተኛ፣ በሲድኒ እንደገና ወርቅ፣ በአቴንስ ነሐስ። በአትላንታ ማግስት «አበቃላት» ብሎ መዝገቡን የዘጋ ሰው ቢኖር፣ ሲድኒ ሐሰተኛ ነቢይ ባደረገው ነበር። የደራርቱ ሩጫ የተጀመረው ደግሞ ከትምህርት ቤት ሳይርቅ ነው፤ የበቆጂው አሠልጣኟ ስንታየሁ እሸቱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ።

ሰዓት መያዣው ለማንም አያዳላም። አራተኛ የወጣን ሦስተኛ ነህ አይልም፤ የሚያዝን ልብም የለውም። ሆኖም የሚናገረው ስለዚያ ሩጫ ብቻ ነው፤ ስለ ሯጩ የነገ ዕድል አንዳች አይናገርም። የሜዳው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ በመለኪያው ጥብቅ፣ በፍርዱ ትሑት ነው። ቅዳሜ በክፍሎች ውድድር ሦስት ለዜሮ የተሸነፈ የሊሴ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይሰለፋል፤ መሸነፉን ሁሉም አይቷል፤ ሰኞ ግን ክፍሉ ውስጥ ከማንም ያነሰ ሰው አይደለም። በድራማ ክበብ ቃሉ የጠፋበት፣ በክርክር ክበብ የተረታ ልጅም እንዲሁ። ስለ ኀፍረት፣ ስለ ትሕትና፣ ስለ ተጋጣሚ ክብር ልጁ በቃል ከሚነገረው ይልቅ በዚህ ይማራል። ለዚህ ነው ክበባትና ስፖርት የትምህርቱ ጌጥ ሳይሆኑ የትምህርቱ አካል ናቸው የምለው፤ ልጅ በሰው ፊት ወድቆ በሰው ፊት የሚነሣበት ሌላ ቦታ ትምህርት ቤቱ የለውም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከመምህራን ይመጣል፤ ጠንካራም ነው። ፈተናው የጠበቀው ኩረጃ አገሩን ስላጠፋ ነው፤ የ3.3 በመቶው ቁጥር መራር ቢሆንም እውነት ነው፤ እንደገና ማላላት ያልተማረ ሐኪምና መሐንዲስ ማፍራት ነው ይላሉ። እስማማለሁ። በሐሰት ማሳለፍ ከመጣል የባሰ ንቀት ነው፤ ልጁን እውነት መስማት አይችልም ብሎ መናቅ ነውና። ግን መለኪያን መጠበቅና በርን መዝጋት ሁለት ነገሮች ናቸው። የጅቡቲ ትምህርት ሥርዓት በተቀዳበት በፈረንሳይ፣ በባክ ከ20 8 ወይም ከዚያ በላይ አግኝቶ 10 ያልሞላ ተማሪ በቃል የሚሰጥ ተጨማሪ ፈተና ይቀርብለታል፤ ማለፊያው ያው 10 ነው። በኢትዮጵያም ከ3.3 በመቶው ውጤት በኋላ ከማለፊያው በታች ካመጡት መካከል የተወሰኑት ሪሜዲያል የተባለ የማካካሻ ፕሮግራም ገብተው ትምህርታቸውን አጠናክረው እንደገና እንዲፈተኑ ተደርጓል። መስፈርቱን ሳይሸጡ በሩን መክፈት ይቻላል ማለት ነው። ጥያቄው ይህ ዕድል ለጥቂቶች የተሰጠ ችሮታ ሆኖ ይቀጥላል ወይስ የሥርዓቱ መሠረት ይሆናል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ስፖርት ያለንን የዋህነት ይነቅፋል። ከአንድ ደራርቱ ጀርባ ስማቸውን ማንም የማያውቅ ብዙ ሯጮች ቀርተዋል፤ ሜዳው ከፈተና አዳራሹ ይልቅ ጥቂቶችን ይመርጣል ይላል። ይህም እውነት ነው፤ የእኔንም ክርክር በሚገባ ይወስነዋል። የምመሰክርለት ሜዳ የክለብና የብሔራዊ ቡድን ምልመላ አይደለም። አሥራ አንዱን ምርጥ ለይቶ የቀረውን ተመልካች የሚያደርግ ትምህርት ቤት ማልያ ያለበሰው ያንኑ ፈተና ነው። ሴት ልጆችን ከሜዳ የሚያስቀር ወይም አካል ጉዳተኛውን ከዳር የሚያቆም ትምህርት ቤትም ገና ሳይጫወቱ ፊሽካውን ነፍቶባቸዋል። ዋንጫው መደርደሪያ ላይ ቢያምርም የትምህርት ቤት ስፖርት የሚመዘነው ስንት ልጅ ተጫውቶ፣ ተሸንፎ፣ ተመልሶ ተጫወተ በሚለው ነው።

ሦስተኛው ከራሱ ከእምነት የሚነሣ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። መጻሕፍት ስለ ክፍት በር ብቻ አይናገሩም፤ በወንጌል የአሥሩ ደናግል ምሳሌ በሩ የሚዘጋበት ሰዓት መኖሩን ያስተምራል፤ ቁርኣንም ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ የሚደረግ ተውባ እንደማይጠቅም ያስጠነቅቃል። ልጅን ሁልጊዜ ሌላ ዕድል አለ እያሉ ማሳደግ ስንፍና ማስተማር አይሆንም ወይ? መልሴ እንዲህ ነው። በሩን የሚዘጋው ባለቤቱ ነው፤ ያም ሁሉን ካየ በኋላ ነው። ዘበኛው በባለቤቱ ሥልጣን አይዘጋም። ሰው ጊዜ መወሰን ይችላል፣ ይገባዋልም፤ ፈተና በሰዓቱ ያልቃል፣ ዘጠና ደቂቃ ሲሞላ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ በዚያ ቀን የጠፋው ነጥብ አይመለስም። ለልጁ የጊዜን ክብደት የሚያስተምረው ይህ ነው። ጨዋታውን መዝጋት ግን ተጫዋቹን መዝጋት አይደለም። ደግሞም በሩ ሲከፈትለት የሚሰንፍ ልጅ ቢኖር፣ በሩ ሲዘጋበት ተስፋ ቆርጦ መጽሐፉን የሚጥለው ከእርሱ እጅግ ይበዛል፤ ተስፋ መቁረጥን ደግሞ አባቶቻችን ከስንፍና በላይ ሲፈሩት ኖረዋል።

እንግዲህ ከትምህርት ቤቶቻችን፣ በጅቡቲም ሆነ በኢትዮጵያ፣ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል። ለወደቀ ተማሪ ሁሉ በታወቀ ቀን፣ በዚያው መስፈርት እንደገና የሚፈተንበት መንገድ ይኑር፤ እስከዚያ የሚረዳው መምህርም ይመደብለት። የእያንዳንዱ ልጅ ሳምንት ሜዳ ወይም ክበብ ይኑረው፤ ይህም የጎበዞች ሽልማት ወይም ለደካሞች የሚነፈግ ነገር አይሁን፤ በፈተና የወደቀን ልጅ ለቅጣት ከኳስ ማገድ የመነሣት ልምድ የሚያገኝበትን ብቸኛ ቦታ መንጠቅ ነውና። ዓመቱ ሲዘጋም አንደኛ ከወጣው ጎን ከወደቀበት ተነሥቶ ያለፈው ተማሪ ስሙ ይጠራ። ከእኛ ከወላጆች የሚጠበቀው ደግሞ ውጤቱ በሚወጣበት ቀን ማታ የምንናገረው ቃል ነው። የልጃችንን ውጤት ሳንደብቅ እንንገረው፤ የጎደለውን አብረን እንቁጠር፤ የሚመለስበትን ቀን አብረን እንወስን። ከዚያ በላይ ያለው ፍርድ ለእኛ አልተሰጠም።