ጨረቃ ስትሞላ ምን ይተዋል?

ጠያቂ፦ የኔታ፣ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ጨረቃ ስትሞላ ሜዲቴሽን ይቀመጣሉ። ልባቸውን የከበደውን ወረቀት ላይ ጽፈው ያቃጥሉታል። እዚህ መንዝ፣ መሀል ሜዳ ከተማ ላድርገው?

የኔታ፦ ባና ደርበሽ ተቀመጪ። የመንዝ ብርድ ለተመስጦ አያዝንም።

ጠያቂ፦ ጨረቃን ማምለክ አይሆንብኝም?

የኔታ፦ ጾማችንና ፋሲካችን የሚወጣው በእሷ ሌሊት ተቆጥሮ አይደለም እንዴ? ያየ ሁሉ አያመልክም።

ጠያቂ፦ ሸክምስ ታወርድልኛለች?

የኔታ፦ የት አውቄ! መተውን ግን ከባሕረ ሐሳብ፣ ከበዓል መቁጠሪያችን ተማሪ። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ የፀሐይ 365። የ11 ቀኑ ልዩነት በየዓመቱ ይጠራቀማል። የ2017ን አበቅቴ፣ ማለት የተጠራቀመውን ትርፍ እናውጣ፦ ወንበር የሚባለው የዓመቱ ቁጥር 11 ነው፤ በልዩነቱ በ11 ሲባዛ 121። ሠላሳ ሠላሳውን እንገድፋለን፤ 1 ይቀራል። ሠላሳ የሞላ ወር ስለሆነ ይጣላል። ቀሪዋ አንድ ግን አበቅቴ ናት፤ እሷን የጣለ በዓሉን ይስታል።

ጠያቂ፦ የበደለኝ ሰው ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔ ብተወው እሱ አተረፈ ማለት አይደለም?

የኔታ፦ ይህቺ እኔንም እንቅልፍ ነስታኛለች። አንድ ጎረቤት የአባቴን ድንበር ገፋ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አልመለሰም። ሁዳዴን 55 ቀን ስጾም፣ ስሰግድ እንኳ ዓይኔ እዚያው ማሳ ላይ ነበር። ይቅር በል ይሉኛል፤ እሺ፣ መሬቱስ? ዝም ካልኩ ለልጆቼ ምን አወርሳለሁ? ካልተውኩ ደግሞ በምን አፌ «በደላችንን ይቅር በለን» እላለሁ? አንዳንዴ ይቅርታ የጉልበተኛ መጠለያ መስሎ ይታየኛል። ወዲያው ጌታ በመስቀል ላይ የማራቸው ትዝ ይሉኛል፤ እነሱ መች ለመኑት? ግን እኔ ጌታ አይደለሁም፣ ልጄ! ስወጣ ስወርድ ከርሜ እንዲህ ለየሁት፦ ጥላቻው የሞላ ሠላሳ ነው፤ ገደፍኩት። የድንበሩ እውነት ቀሪዋ አንድ ናት፤ ያዝኳት። ሰላምታ እሰጠዋለሁ፣ ለቅሶው እደርሳለሁ፤ ሽማግሌ ፊትም ደግሜ እቆማለሁ።

ጠያቂ፦ ሲያዩት አይቆጭዎትም?

የኔታ፦ ይቆጨኛል እንጂ! ድሮ ግን ሞቱን ያስመኘኝ ነበር፤ ዛሬ መሬቴን ብቻ ያስጠይቀኛል። ከዚህ በላይ አልደረስኩም።

ጠያቂ፦ ታዲያ ወረቀቱን ላቃጥለው?

የኔታ፦ መጀመሪያ ሁለት ቦታ ክፈይው። በአንዱ የጠላሽበትን፣ በሌላው የተወሰደብሽን ጻፊ። የፊተኛውን አቃጥይ፤ የኋለኛውን ይዘሽ ሽማግሌ ዘንድ ሂጂ።