አይቶ የተመለሰ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የሌላውን መከራ በዓይኑ አይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ያየው ነገር ዕዳ ይሆንበታልን? ወይስ መሄዱና ማየቱ ራሱ የተፈጸመ ሥራ ነውና በሰላም ይረፍ? ይህ ጥያቄ ዛሬ ጐልቶ የሚታየው ወደ ፍልስጥኤም ሄደው ከሕዝቡ ጋር በሰነበቱ በጎ ፈቃደኞች ላይ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በእነርሱ ምሳሌነት እንመርምረው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

በ2001 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የአንድነት ንቅናቄ የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ወደ ፍልስጥኤምና ወደ እስራኤል አጃቢዎችን መላክ ጀመረ፤ ይህም ጉባኤ በ1948 ዓ.ም. ሲመሠረት ቤተ ክርስቲያናችን ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። አጃቢው መሣሪያ አይይዝም። ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል፤ በኬላ ላይ ቆሞ የሚያልፈውንና የሚመለሰውን ያያል፤ በጥቅምትና በኅዳር ገበሬው ወይራውን ሲለቅም ከአጠገቡ ይቆማል። ሦስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ያየውንም ለወገኖቹ እንዲናገር ይጠበቅበታል።

የመጀመሪያው ጭንቀት የሚመጣው ከዚህ ነው። እርሱ ፓስፖርቱን ይዞ ይወጣል፥ ገበሬው ግን ከወይራው ሥር ይቀራል። ደግሞም ያልተመለሱ አሉ። በ2003 ዓ.ም. የ23 ዓመቷ አሜሪካዊት ሬቸል ኮሪ በራፋ የሰው ቤት እንዳይፈርስ ስትከላከል በእስራኤል ሠራዊት ቡልዶዘር ተገድላለች። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ቶም ኸርንዳል ሕፃናትን ከተኩስ ሲያሸሽ ራሱን በጥይት ተመትቶ በ2004 ዓ.ም. ሞተ። ታዲያ በሕይወት የተመለሰው ሰው «እነርሱን ትቼ መጣሁ» ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይህ ኀዘን በደንብ ሲመረመር ወደ ሌላ ነገር ይመራል። መሣሪያ የሌለው እንግዳ ለገበሬው ጋሻ የሚሆነው በምን ኀይሉ ነው? በክንዱ አይደለም፤ በዓይኑ ነው። ዓይኑም ቢሆን የሚፈራው ከኋላው አንደበት ስላለ ነው። የሚበድለው ሰው እጁን የሚሰበስበው «ይህ ሰው ነገ አገሩ ገብቶ ይናገራል» ብሎ ነው። እንግዲህ ተመልሶ ዝም ያለ ሰው፥ በዚያ ሳለ የሰጠውን ጋሻ ከኋላ መልሶ ይወስዳል፤ ከእርሱ በኋላ የሚሄደውም የማይፈራ ዓይን ይሆናል። ስለዚህ መመለስ ከሥራው መሸሽ ሳይሆን የሥራው ሁለተኛው ክፍል ነው።

«በዝምታ ብዙ ይረዳል፥ የተናገረ ግን በሩ ይዘጋበታል» የሚል ይኖራል። ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት፥ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ይቋረጥ ብለው የሚጠሩ የውጭ አገር ሰዎች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። የተናገረ ሰው የወደዳቸውን ሰዎች ዳግመኛ ላያይ ይችላል። ሆኖም የዝምታንም ዋጋ የሚያሳይ ምስክር አለ። በ1994 ዓ.ም. አንድ እስራኤላዊ ሰፋሪ በኬብሮን፥ በአባቶች መቃብር ላይ በሚጸልዩ እስላሞች ላይ ተኩሶ 29 ሰዎችን ከገደለ በኋላ፥ ከልዩ ልዩ መንግሥታት የተውጣጡ ታዛቢዎች በከተማዪቱ ተቀመጡ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ 22 ዓመት ያህል ያዩትን ሁሉ ጻፉ፤ ጽሑፋቸው ግን ለሁለቱ ወገኖችና ለላኳቸው መንግሥታት በምስጢር የሚሰጥ እንጂ ለሕዝብ የሚወጣ አልነበረም። ይህን ያህል ተጠንቅቀውም በ2019 ዓ.ም. እስራኤል ፈቃዳቸውን አላድስም ስትል ወጡ። በሌላው ወገን የኸርንዳል ቤተሰቦች ዝም ባለማለታቸው ነገሩ ተመርምሮ፥ የተኮሰው ወታደር በ2005 ዓ.ም. ተፈርዶበታል። መናገር ሁልጊዜ ፍርድን አያስገኝም፤ የሐይፋ ፍርድ ቤት በ2012 ዓ.ም. የኮሪን ሞት አደጋ ነው ብሏልና። ዝምታ ግን በሩንም አላስከፈተም፥ ፍርድንም አላመጣም።

እንግዲህ መናገር ግዴታ ከሆነ፥ እንዴት ይናገር? በግእዙ ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው፤ ሥሩም «ሰምዐ»፥ ሰማ፥ የሚለው ነው። ምስክር አስቀድሞ ሰሚ ነው። ስለዚህ የተመለሰው ሰው ሊናገር የሚገባው የሰማውንና ያየውን እንጂ፥ ፍርሃቱንና ጀግንነቱን አይደለም። አድማጩ ሁልጊዜ ስለ እርሱ ሊጠይቀው ይወዳል፤ «አልፈራህምን?» ይለዋል። በዚህ ጊዜ ውዳሴ ከንቱ በር ላይ ቆማለች። ገበሬው ከነገሩ ወጥቶ እንግዳው በስፍራው ከገባ፥ ያ ሰው መሬቱን ሁለት ጊዜ ተቀማ ማለት ነው።

ደግሞም ምስክር አንድ ዓይኑን መጨፈን የለበትም። ጥቅምት 7 ቀን 2023 ዓ.ም. ሐማስና ተባባሪዎቹ እስራኤል ውስጥ 1,200 ያህል ሰዎችን ገድለው 250 ያህሉን ማርከው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ በሆነው ጦርነት በጋዛ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች እንደ ሞቱ የዚያው የጤና መሥሪያ ቤት አስታውቋል። የመጀመሪያውን የሚሰውር የሁለተኛውን ምስክርነት ያረክሳል፤ የመጀመሪያውን ምክንያት አድርጎ ሁለተኛውን የሚያቀልም እንዲሁ ነው። በ1988 ዓ.ም. በተመሠረተው ስለ ሰብአዊ መብት በሚቆረቈረው ማኅበራቸው አማካይነት ከፍልስጥኤማውያን ጋር ወይራ የሚለቅሙ የአይሁድ ረቢዎች መኖራቸውንም መናገር ይገባል፤ በደልን መጥላት ሕዝብን መጥላት እንዳልሆነ እነርሱ ያስረዳሉና።

የቀረው የሰሚው ድርሻ ነው። እኛ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ የመጣውን ሰው በደስታ እንቀበላለን፥ ስለ ቅዱሳት መካናትም እንጠይቀዋለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በእነዚያ መካናት አጠገብ ስለሚኖሩት ሰዎች ካልጠየቅነው፥ እርሱም «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ቢል፥ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ያየ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው በመናገር ነው፤ የሰማ ሰው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባለዕዳ ይሆናል። የአዋጁም ቃል «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላልና፥ ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል እንጂ በአንድ ሰው አንደበት አያልቅም።