ከስሕተት መመለስና የተመላሹ ዕዳ

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የሚናገረው በያዘው ነገር ስለሚጸና ሰው ነው፤ የያዘውን ስለ ለቀቀ ሰው ግን ዝም ይላል። ለዓመታት እንደ እውነት ሲሰብከው፣ ገንዘቡንና ዘመዱን ሲሠዋለት የኖረው ነገር ሐሰት ሆኖ ያገኘው ሰው ወዴት ይሄዳል? ለማንስ ምን ይላል? ከሁሉም በላይ፣ በእርሱ ቃል አምነው ተከትለውት ለገቡት፣ እርሱ ሲወጣ ግን እዚያው ለቀሩት ሰዎች ያለበት ዕዳ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከቦሌ መነሣት ይበቃል። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሕዝቡ አዲሱን ሺህ ዓመት በዘፈንና በእልልታ የተቀበለበት የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ በዚያው ዓመት አልጋ ተዘርግቶበት የሕሙማን መታከሚያ ሆነ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ፤ ከስድስት ቀን በኋላም በዚያው በከተማይቱ ምሥራቅ፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ክትባቱ በይፋ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ክትባቱ ከመድረሱ በፊት ወሬው ደርሶ ነበር። የአውሬው ምልክት ነው፣ 666 የተጻፈበት ነው፣ ያመክናል፣ ሰውን ከሩቅ መቆጣጠሪያ ከቆዳ ሥር ይቀብራል ተባለ። በአገራችን በበሽታው ከሞቱት መካከል በይፋ የተመዘገቡት ብቻ ከ7,500 ይበልጣሉ።

እንግዲህ በገርጂ የምትኖር አንዲት መምህርት አለች እንበል። የቆመችው ለምሳሌ ነው እንጂ በስም የምትጠራ አይደለችም። የዓለም ፍጻሜ መድረሱን፣ ክትባቱም የፍጻሜው ምልክት መሆኑን በሚያስተምር አንድ የጸሎት ማኅበር ውስጥ ሦስት ዓመት ቆየች። የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ ገባች። እንደ ልጃቸው የሚያዩአትን ጎረቤቷን አሮጊት፣ «እማማ፣ ይህን መርፌ እንዳይወጉ» ብላ አሳምና አስቀረቻቸው። አሮጊቷ በበሽታው ሞቱ። መምህርቷ ከብዙ ቀን ጭንቀት በኋላ ማኅበሩን ተወች። ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው አንድ ቃል ነው፦ «ተታለልሁ»። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉ እውነት ነውን?

ወደዚህ ከመድረሳችን በፊት ሰው ወደ እንዲህ ያለ ማኅበር ለምን እንደሚገባ መረዳት ይገባል፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና። ሞኝነት ነው ማለት ለተናጋሪው ይቀለዋል፤ ነገሩን ግን አይገልጠውም። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የከተማይቱ ምሥራቅ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያት በተሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሞልቷል። በአሮጌው ሰፈር በቡናና በእድር፣ በጽዋና በዕቁብ ተሳስሮ ይኖር የነበረ ሰው የጎረቤቱን ስም በማያውቅበት ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ልጁ ሥራ አጥቷል፤ የቤት ዕዳው ይከፈላል፤ ኑሮው በየቀኑ ይወደዳል። በዚህ መካከል አንዱ «ወንድሜ» ብሎ ጠርቶ ወንበር ቢያቀርብለት፣ ለመከራውም ሁሉ አንድ ምክንያትና አንድ ጠላት ቢያሳየው፣ የተሰጠው ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ሹመትም ጭምር ነው። በቢሮው ታናሽ የሆነ፣ በገበያው የማይሰማ ሰው፣ ብዙኃኑ የማያውቁትን ምሥጢር ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዱ ይሆናል።

የፍጻሜ ዘመን ወሬም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ክፉ ነገር ባየን ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ!» እንላለን። ሆኖም በአገራችን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት 5500 ዓመት ይቆጠራልና፣ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። እነሆ ከ500 ዓመት በላይ በውስጡ ኖረናል፤ እያንዳንዱም ትውልድ የራሱን መከራ የመጨረሻው መከራ አድርጎ አይቷል። ትንቢት ሁልጊዜ ለጥፋት ውሏል ማለትም አይደለም። ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ ይነሣል የሚለውን የሕዝብ ተስፋ ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ስማቸው አድርገው፣ የተከፋፈለውን አገር ለማሰባሰብ ተነሥተውበታል። እምነት በራሱ ተከሳሽ ሊሆን አይገባም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁም መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ ባሳሰቡ ጊዜ ሰውን ያዳነው ቃል ከዚያው ከእምነቱ ደጅ የወጣ ነበር። ልዩነቱ ጠያቂውን በመፍራትና ባለመፍራት ላይ ነው። አንዱ ቤት ለጥያቄ በሩን ይከፍታል፤ ሌላው ጠያቂውን ከሃዲ ብሎ ይዘጋበታል።

የተዘጋ ቤት ጠባይ ደግሞ ትንቢቱ ሲወድቅ ይታያል። በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ቺካጎ አካባቢ የነበረ አንድ አነስተኛ ቡድን ዓለም በጥፋት ውሃ የምትሰጥምበትን ቀን ቆርጦ ይጠባበቅ ነበር። ሊዮን ፌስቲንገር የሚባለው የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቹ በመካከላቸው ገብተው ተመለከቱ። ቀኑ ደርሶ ምንም ባልሆነ ጊዜ ብዙ የሠዉት ሰዎች አላፈሩም፤ ይልቁንም ከቀድሞው በበለጠ ይሰብኩ ጀመር። ብዙ የከፈለ ሰው የገዛው ዕቃ የውሸት መሆኑን ለመቀበል ይቸገራልና። በኡጋንዳ ግን መጨረሻው ከዚህ የከፋ ሆነ። በካኑንጉ የነበረው ማኅበር ለፍጻሜ የቀጠረው የፈረንጆች 1999 ዓመት ማብቂያ ያለ ምንም ነገር ካለፈ በኋላ፣ አባላቱ ያስረከቡትን ንብረት መልሰው ይጠይቁ እንደነበር ተነግሯል። መጋቢት 8 ቀን 1992 ዓ.ም. በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጸሎት ቤታቸው ውስጥ በእሳት አለቁ።

ወደ መምህርቷ ቃል እንመለስ። በቋንቋችን «ተታለልሁ» እና «አታለልሁ» በጽሕፈት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ከ«ተ» ወደ «አ» ለመሻገር ግን ብዙ ሰው ዕድሜው አይበቃውም። «ተታለልሁ» የሚለው ሰው ነገሩ በእርሱ ላይ እንደ ዝናብ እንደወረደ ይናገራል፤ «አታለልሁ» የሚለው ግን እጁንና አንደበቱን በነገሩ ውስጥ ያገኛል። መምህርቷ ተታላለች። ነገር ግን አሮጊቷን ያታለለ ሌላ ማንም አልነበረም፤ እርስዋ ናት።

እዚህ ላይ አንባቢ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። የምታምነውን ነገር የተናገረች ሴት እንዴት አታላይ ትባላለች? ዋሾ ማለት እውነቱን እያወቀ ሌላ የሚናገር ነው፤ እርስዋ ግን ለአሮጊቷ ያለችውን በራስዋም ላይ ፈጽማዋለች። ተቃውሞው ከባድ ነው። መምህርቷ አልዋሸችም። ሆኖም ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ሰው ልቡን ቢመረምር አንዲት ቀን ትዝ ትለዋለች፤ ጥርጣሬ መጥታ በሩን ያንኳኳችበት ቀን። የመሪው ንግግር ከትናንቱ ጋር ሲጋጭ የሰማበት፣ አንድ ጠያቂ ሲባረር አይቶ አንገቱን የደፋበት ቀን ትሆናለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይኖራል ስንጥር» የሚለውን ተረት እያወቀ ጥርጣሬዋን እንደ ኃጢአት ቆጥሮ አባረራት። ጥፋቱ በማመኑ ላይ አይደለም፤ በዚያች ቀን ላይ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ያመጣው ሰው ሁሉ፣ ራሱ ሊመረምረው ባልደፈረው ነገር ላይ ሌላውን ያስያዘው ነው።

ይህን መሻገሪያ የተሻገሩ ሰዎች በዓለም ታሪክ ውስጥ አሉ። መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ኦም ሺንሪክዮ የሚባለው ማኅበር አባላት በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለውን መርዝ ከለቀቁት አምስት ሰዎች አንዱ ኢኩዎ ሃያሺ ነበር። ሙያው የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፤ ሰው ለማዳን የተማረ እጅ መርዙን የያዘውን ከረጢት ወጋ። በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ መርዙን የለቀቀው ራሱ መሆኑን በገዛ አንደበቱ ተናገረ፤ ቃሉም የማኅበሩን ሥራ ለመግለጥ ረዳ። ፍርድ ቤቱ የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈርድበት አራቱ ጓደኞቹ ሞት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተሰቀሉ። ኑዛዜው የሞቱትን አላስነሣም፤ የተሸሸገውን ግን አወጣ።

ዴቦራ ሌይተን ደግሞ በጋያና ጫካ የሰፈረው የጂም ጆንስ ማኅበር መሪ የቅርብ ታማኝ ነበረች። በ1970 ዓ.ም. እናትዋንና ወንድምዋን ትታ አመለጠች። ወጥታ ዝም አላለችም፤ በዚያ ስፍራ ሰው በጅምላ ራሱን እንዲገድል ልምምድ እንደሚደረግ በቃለ መሐላ አስታወቀች። የሰማት ጥቂት ነው። ኅዳር 9 ቀን 1971 ዓ.ም. ከ900 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በመካከላቸውም ብዙ ሕፃናት ነበሩ። የዚህች ሴት ሥራ የሚያስተምረን የተመላሽ ዕዳ የሚከፈለው በጸጸት ብቻ አለመሆኑን ነው። በሩን ከውስጥ የሚያውቀው የወጣው ሰው ነውና፣ ስለ ቀሩት የመናገር ግዴታ ከማንም ይልቅ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ ዕዳው በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የገባ ሕፃን ምንም ዕዳ የለበትም። በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ያስረከበ ምስኪን ከበደሉ የተበደለው ይበልጣል። በኬንያ፣ በሻካሆላ ጫካ፣ በ2015 ዓ.ም. ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ምእመናን ወደ ሰማይ ለመድረስ እንዲራቡ ታዘው እንደነበር ታወቀ። ከተረፉት መካከል እንደ ዳኑ ምግብ አንቀበልም ያሉ 65 ሰዎች ራሳቸውን ለመግደል ሞክረዋል ተብለው ተከሰሱ። ገና በረኀብና በፍርሃት ውስጥ ያለን ሰው እንደ ወንጀለኛ ማቆም ፍርድን ማዛባት ነው። ዕዳ የሚመዘነው በተሰጠ ድምፅ ልክ ነው። ብዙ የተናገረ፣ ብዙም የተደመጠ፣ ብዙ ዕዳ አለበት፤ መሪው ከሁሉም ይበልጥ።

ሌላም ነገር አለ። «አታለልሁ» ማለት የሚገባው ራሱ ባለቤቱ ነው። ጎረቤቱ ቀድሞ «አታለልህ» ብሎ ቢጮኽበት ያው ቃል ሌላ ይሆናል። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይቀርባል። ያው ድንጋይ በሰው እጅ ቢወረወር ይገድላል፤ በበደለኛው ትከሻ ላይ ሲሆን ግን ዕርቅን ይጠራል። ከስሕተት በተመለሰ ሰው ላይ የምንስቅ ሁሉ ድንጋዩን ከትከሻው ነጥቀን እየወረወርንበት መሆኑን አንርሳ። የሚሳቅበት ሰው «ተታለልሁ» ከማለት አልፎ አይሄድም፤ አንዳንዱም ፌዙን ከመስማት ወደ ወጣበት ቤት መመለስን ይመርጣል። በውስጥ ያለውም ይህን አይቶ፣ «ብወጣ የሚጠብቀኝ ይህ ነው» ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን የማኅበሩን በር ከውጭ የምንቆልፈው እኛ ነን።

የኪነ ጥበብ ሰዎችም እዚህ ላይ ድርሻ አለን የሚሉ ከሆነ ሥራው ይጠብቃቸዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሞሊየር «ታርቲዩፍ» ተመልካች በኦርጎን ይስቃል። ኦርጎን አስመሳዩን ቅዱስ ብሎ ልጁን ከቤቱ ያባረረ፣ ንብረቱን የፈረመለት አባት ነው። አስመሳዩ ይያዛል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ነገር ግን ኦርጎን በማግስቱ ጧት ከተባረረው ልጁ ጋር በአንድ ገበታ ሲቀመጥ ምን ይለዋል? የእኛ መድረክ አስመሳይ ነቢይን አሳይቶ ማሳቅ ያውቅበታል፤ የማግስቱን ጧት ግን ሊጽፈው ይገባል። መምህሩም ተማሪው እንዲያምን ወይም እንዳያምን ከማዘዝ ይልቅ፣ ያቺ የጥርጣሬ ቀን ስትመጣ በሩን እንዲከፍትላት ቢያስለምደው ብዙ ሠርቷል። በየሰፈሩ ሕዝብን የሚያደራጀውም፣ በአዲሶቹ ሕንፃዎች መካከል እድርና ቡና እንዲበረክቱ ቢያግዝ፣ ብቸኛውን ሰው «ወንድሜ» ብሎ የሚጠራው አታላዩ ብቻ አይሆንም።

መምህርቷስ? ዕዳዋን የምትከፍልበት ቦታ ሩቅ አይደለም። የአሮጊቷ ልጆች እዚያው ሰፈር ናቸው። አንድ ቀን በራቸውን አንኳክታ፣ ማኅበሩንም መሪውንም ሳትጠራ፣ «እናታችሁን ያስቀረሁ እኔ ነኝ» ማለት አለባት። ከዚያም ይዛቸው ወደ ገባችው ባልደረቦቿ ሄዳ የምታውቀውን መንገር አለባት፤ ቢሰድቧትም እንኳ። ይቅርታው የእርስዋ መብት አይደለም፤ ሊከለከልም ይችላል። ነገር ግን ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሸክሙን በራሱ ፈቃድ አያወርድም፤ «አውርድ» የሚለው የተበደለው ወገን ነው። መናገሩ የእርስዋ ዕዳ ነው። ተናግራ ስትጨርስ ይህን ቃል የሚላት ሰው እንዳይጠፋ ማድረግ ደግሞ የሁላችን ዕዳ ነው።