የታዘዘ እጅ ከበደል ይነጻልን?

ባለሙያ ሰው ጌታው ያዘዘውን ክፉ ሥራ በጥበቡ አሳምሮ በሠራ ጊዜ በደሉ የአዛዡ ነው ወይስ የሠሪው? ይህን ለመመርመር የጀርመናዊውን የፊልም አዘጋጅ የፋይት ሃርላንን ነገር እናንሣ።

ሃርላን በ1899 ዓ.ም. በበርሊን ተወለደ (ዓመቱ ኹሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። አስቀድሞ የቴአትር ተጫዋች ነበረ፤ በናዚዎች ዘመን ግን ወደ ፊልም አዘጋጅነት ተሻገረና በሚኒስትሩ በጎብልስ ዘንድ ሞገስን አገኘ። በ1940 ዓ.ም. «አይሁዳዊው ዚውስ» የተባለውን ፊልም አወጣ። በቅኔ ሰሙ ወርቁን እንዲሸፍን የታወቀ ነው፤ በዚህም ፊልም ሰሙ የቤተ መንግሥትና የፍቅር ታሪክ ነው፤ ከውስጡ ግን የሚገኘው ወርቅ ሳይኾን መርዝ ነው፤ አይሁዳዊውን አጥፊ አድርጎ አሳይቶ በመጨረሻ ወገኖቹን ኹሉ ከከተማ ያስወጣልና። ሥራው ያልሠመረ ቢኾን ኖሮ ማን ባየው? ስላማረ ግን 20 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ተመለከተው፤ ሂምለርም የኤስ ኤስ ሰዎችና ፖሊሶች እንዲያዩት አዘዘ።

ከጦርነቱ በኋላ ሃርላን በሰው ልጅ ላይ በተፈጸመ ወንጀል ተከሶ በሐምቡርግ ፍርድ ቤት ቆመ። በ1949 ዓ.ም. ነጻ ተባለ፤ የይግባኙ ችሎት ፍርዱን ቢሽረውም በ1950 ዓ.ም. ዳግመኛ ነጻ ወጣ። መከላከያው ጎብልስ እንዳስገደደው የሚገልጽ ነበረ፤ ዳኞቹም ፊልሙ የስደቱ መሣሪያ መኾኑን ሳይክዱ ግዳጁን ተቀበሉለት።

ዳኞቹን አልነቅፍም፤ ዳኛ የሚመዝነው የቀረበለትን ማስረጃ ነው፤ ልብን አይመረምርም። ነገር ግን በግድ የሚሠራ ሰው የታዘዘውን ያህል ብቻ ይሠራል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። ሃርላን ግን ጥበቡን አልሰሰተም፤ የገዛ ሚስቱን ክሪስቲና ሶደርባውምን በዚያው ፊልም ዋና ተዋናይ አደረጋት። ጥር 1945 ዓ.ም. አገሩ ሲፈርስ እንኳ «ኮልበርግ» የተባለው ፊልሙ ወጣ፤ ለእርሱም በሺሕ የሚቈጠሩ ወታደሮች ከጦር ተነሥተው ተሰልፈውለት ነበረ። ፍርሃት ብቻውን ይህን ያህል ትጋት ይወልዳልን?

እምቢ ማለት ቀላል ነበረ አልልም። በ1933 ዓ.ም. አገሩን ትቶ የሄደው አዘጋጅ ፍሪትስ ላንግ አስቀድሞ ስመ ጥር ነበረ፤ በሄደበትም ሥራ አላጣም። የሃርላን ስም ግን የተተከለው በዚያው በክፉው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የፈራው ቅጣትን ብቻ ሳይኾን ማዕረጉን ማጣትንም ይመስለኛል፤ ይህን ዓይነቱን ፍርሃት ግን ግዳጅ ለማለት ይከብደኛል።

የመጀመሪያ ሚስቱ ዶራ ጌርሶን አይሁዳዊት ተዋናይት ነበረች፤ በ1922 ዓ.ም. ተጋብተው በ1924 ዓ.ም. ተፋቱ። እርሷም በ1943 ዓ.ም. ከኋለኛው ባሏና ከኹለት ልጆቿ ጋራ በአውሽቪትዝ ተገደለች። በ1949 ዓ.ም. ሃርላን ነጻ በተባለ ጊዜ ደጋፊዎቹ በትከሻቸው ተሸክመው ከፍርድ ቤቱ አወጡት።