የሌሊቱ ዲጄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ምእመናን፣ አንድ ወንድማችን ኮሌጅ ሳለ እስከ ንጋት በሚጨፈርበት ቤት ዲጄ ሆኖ ሠርቷል፤ የትምህርቱንም ክፍያ የሸፈነው በዚያ ነው። «ያ ዘመን ሁሉ ከንቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ማቴዎስ የቀረጥ መሰብሰቢያውን ትቶ ጌታን ተከተለ፤ ወንጌል የጻፈው ግን በዚያው እጁ ነው። ማኅሌታችንም በዝማሜ ዝግ ብሎ ጀምሮ በመረግድ፣ በጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል፤ ይህን የእርሱ ጆሮ ከብዙዎቻችን ቀድሞ ሰማ። ነገር ግን ሰው ደክሞት ሊወጣ ሲል፣ እንዳይወጣ ምቱን ያፈጥን እንደነበር ራሱ ነገረኝ። ንስሐ የሚያሻው ይህ በሰው ድካም መነገዱ እንጂ የምት ዕውቀቱ አይመስለኝም።

ከበሮ ልምታ ሲለኝ «ለጊዜው መቋሚያ ይዘህ ከመሪጌታው ጎን ቁም፤ አባቶች ሲደክማቸው ምቱ እንዴት እንደሚጠብቃቸው አድምጥ» አልኩት።