ያላየነውን አየን አንበል

እኛ ወጣቶች ጥቁር አሜሪካውያን የጻፏቸውን ሦስት መጻሕፍት አንብበን ተወያይተናል። «ማን ነኝ? የማምነውስ በማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሦስቱም ውስጥ አለ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነው። ዳግላስ ባሪያ ሳለ ጌታው በ1832 በመንፈሳዊ ጉባኤ ላይ አመንሁ አለ። ዳግላስም ምናልባት ይራራልን ይሆናል ብሎ ነበር። ሰውየው ግን ጸሎቱ ሲበዛ ጭካኔው ባሰ፤ እየገረፈም ጥቅስ ይጠቅስ ነበር። ዳግላስ ስለዚህ ክርስቶስን አልተወም፤ የክርስቶስን መንገድ ከባሪያ አሳዳሪዎች ሃይማኖት ለየ እንጂ። ኋላም በአንድ ነፃ ጥቁር ሰው ቤት በስውር ሰንበት ትምህርት ቤት ከፍቶ ከ40 በላይ ባሮችን ማንበብ አስተማረ። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ጅራፍ ነበር። እኛ ግን ዝናብ ጠብ ሲል እንቀራለን!

ሁለተኛው ላንግስተን ሂዩዝ በ1940 ያሳተመው የራሱ ታሪክ ነው። 13 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ አክስቴ የሚላት አሳዳጊው ወደ ጉባኤ ወሰደችው። ኢየሱስን በዓይኑ የሚያይ መስሎት ጠበቀ። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተነሡ፤ እርሱ ብቻውን ቀረ። በመጨረሻ አፍሮ ተነሣ፤ ሕዝቡም በደስታ ጮኸ። ሌሊት ግን አልቅሶ አደረ። አሳዳጊው መንፈስ ቅዱስ ስለ ወረደበት መሰላት፤ እርሱ ያለቀሰው ስለ ዋሸ ነበር።

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ሰው ሲነሣ የተነሣን፣ ሰው ሲያለቅስ ያለቀስን ስንቶቻችን ነን?

ሦስተኛው የጄምስ ቦልድዊን ልብ ወለድ ነው፤ የታተመው በ1953 ነው። የ14 ዓመቱ ጆን በኒውዮርክ ሃርለም ይኖራል። እንጀራ አባቱ በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ በቤት ግን ጨካኝ ነው። ልጁ ለአባቱ ሳይንበረከክ ለእግዚአብሔር መንበርከክ የማይችል ይመስለዋል። ወላጆች በቤት የሚያሳዩት ጠባይ ለልጅ በር ይከፍታል፤ ይዘጋልም።

እንግዲህ ወገኖች፣ ቶማስን እናስታውስ። ያላየውን አየሁ አላለም። ጌታም አላባረረውም፤ መጥቶ ቁስሉን አሳየው እንጂ። ስለዚህ ታናናሾቻችንን «ለምን አልተነሣህም?» እያልን አናስጨንቃቸው፤ አብረናቸው እንጠብቅ። እኛም ጥርጣሬ ሲይዘን ከማስመሰል ይልቅ ለእግዚአብሔር እንንገረው። የአባቶቻችን ሃይማኖት የእኛ የሚሆነው በእውነት ስንይዘው ነው።

አምላካችን እውነተኞች ያድርገን። አሜን።