የአባት ዕዳ ለልጅ ይተላለፋልን?

ሰው ከመወለዱ በፊት በተፈጸመ ጥፋት ሊጠየቅ ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን በመሳት ብዙ ደም ፈስሷል።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 በጲላጦስ ፊት የተሰበሰበው ሕዝብ የዒሳን (ዐ.ሰ.) ደም በራሱና በልጆቹ ላይ እንደተቀበለ ይተርካል። የዮሐንስ ወንጌልም ተቃዋሚዎቹን ብዙ ጊዜ «አይሁድ» እያለ በጅምላ ይጠራቸዋል። ሆኖም ክርክሩ ያኔ የቤተ ዘመድ ክርክር ነበር። ዒሳም፣ እናቱ መርየምም፣ ሐዋርያቱም ከበኒ ኢስራኢል ናቸው። ጳውሎስ ራሱ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 አምላክ ሕዝቡን እንዳልጣለ ይሞግታል።

የቤተ ዘመድ ወቀሳ በባዕድና በባለ ጉልበት እጅ ሲገባ ግን ሰይፍ ይሆናል። በ1096 እ.ኤ.አ. የመስቀል ጦረኞች በራይን ወንዝ ዳር በዎርምስና በማይንጽ ከተሞች የነበሩ አይሁዶችን ፈጁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያ ጥፋት በዘመኑ በነበሩት አይሁዶች ሁሉም ሆነ በዛሬዎቹ ላይ ሊጫን እንደማይችል በጉባኤ ያወጀችው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ሙስሊሞች ዒሳ (ዐ.ሰ.) አልተገደለም፣ አልተሰቀለም ብለን ስለምናምን ክሱ በእኛ ዘንድ ከሥሩ መሠረት የለውም። ይህ ብቻውን ግን ከተመሳሳይ ስሕተት አያድነንም። ቁርኣንም ቃል ኪዳን ያፈረሱትን ከበኒ ኢስራኢል ይወቅሳል። ወቀሳውን ብቻ አንብቦ በጎረቤቱ ላይ የሚጭን ሰው ከእነዚያ በምን ይለያል? ያው ቁርኣን በአሊ ዒምራን 113 ሁሉም እኩል አለመሆናቸውን፣ በአል-አንዓም 164 ደግሞ ማንም የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም ያስተምራል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ሶፊያ የሑየይ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ብርቱ ጠላታቸው ነበር። የአባቷን ጠላትነት ግን በእርሷ ላይ አልቆጠሩባትም። የአይሁድ ልጅ ተብላ በተነካች ጊዜም በነቢዩ ሃሩንና በነቢዩ ሙሳ ዘርነቷ እንድትኮራ እንዳጽናኗት ተዘግቧል።

ወላጆች ሆይ! በፍልስጤም የሚፈሰው ደም ልባችንን ያቆስላል፤ በዳይንም በሥራው መውቀስ ግዴታችን ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ከአንደበታችን የሚሰሙት የበዳዩን ሥራ ይሁን እንጂ የዘሩን ስም አይሁን። በአል-ማኢዳ 8 የታዘዝነው ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ነው። ፍትሕ የሚፈተነውም በወዳጅ ላይ ሳይሆን በምንጠላው ላይ ነው።

አላህ ከፍትሐዊ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።